ላሟ ሞተች ያሉት ዳኛ

የእኛ ሰፈር ሰው የሚያንጎላጅ ሲያይ «ላሟ ሞተች እንዴ?» ይላል። ስብከት ሲረዝም፣ እድር ላይ ሊቀ መንበሩ ነገር ሲያንዛዛ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቡ ያለው ሰው ትከሻው ላይ ሲደገፍበት ይቺኑ ይላታል። ወጣቶቹ ከየት እንደመጣች አያውቁም። በቀደም የልጅ ልጄ «ተረት ናት አይደል እማማ?» አለኝ። ተረት አይደለችም። ላሟን አውቃታለሁ፣ ወተቷንም ጠጥቻለሁ። ሞተች ያሉትንም ሰው አውቃቸዋለሁ። ዳኛ ነበሩ፤ የከሰስኳቸው እኔ ነኝ።

ያገባሁ ሰሞን ነው። ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። ከጓሯችን በታች ገደል አለ፣ ከገደሉ ሥር ምንጭ። በእኛና በጎረቤታችን መካከል ቀጥ ብላ ወደ ምንጩ የምትወርድ ቀጭን መንገድ ነበረች። በእሷ ከሄድኩ እንስራዬን ሞልቼ ስመለስ የጣድኩት ሽሮ ገና አይፈላም።

ጎረቤታችን በቅርቡ ጡረታ ወጥቶ የመጣ ወታደር ነው። የዚያን ዓመት መስቀል ካለፈ በኋላ መንገዷን በአጠና አጠረና ከውስጥ የባሕር ዛፍ ችግኝ ተከለ። ሄጄ ጠየቅሁት።

«ይሄ የእኔ ጓሮ ነው፤ መንገድ አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ እስከ ትናንት በጓሮህ ነበር ስመላለስ የነበረው?»

«እስከ ትናንት ታግሼሻለሁ።»

የመጀመሪያ ልጄን እርጉዝ ነበርኩ። በላይ በኩል ዞሬ፣ ጉብታውን አቋርጬ፣ በድንጋያማው ቁልቁለት ወርጄ ውሃ መቅዳት ጀመርኩ። ስመለስ እንስራው ከጀርባ፣ ልጁ ከፊት እየጎተቱኝ መሐል መንገድ ላይ እቀመጣለሁ። ባለቤቴ ግንበኛ ነው፣ ጠብ አይወድም። «እኔ ማታ ማታ እቀዳልሻለሁ፣ ተይው» አለኝ። እኔ ደግሞ ሲያሳድገኝ «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚል አባት ነው ያለኝ። ከሰስኩ።

ያኔ በየሰፈሩ ትንሽ ትንሹን ነገር የሚያይ አጥቢያ ዳኛ ነበር። የእኛው ዳኛ ሽማግሌ፣ ጢማቸው የነጣ፣ ጥቁር ካባ ደርበው ጭራ የሚይዙ ሰው ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ከቅዳሴ መልስ ከወይራው ዛፍ ሥር ያስችላሉ። በጣም ደረቅ ናቸው። በችሎት ቀን የማንንም ሰላምታ አይቀበሉም፤ «ሰላምታ ሲበዛ መማለጃ ይሆናል» ይሉ ነበር። ስለዚህ ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት። ለማንም አያዳሉም ብዬ።

ምስክሬ ከተማው ወደ ላይ ሳይወጣ ያንን ዳገት ሲያርሱ የኖሩ አዛውንት ገበሬ ነበሩ። ኦሮምኛም አማርኛም ያውቃሉ፤ በሁለቱም ቋንቋ የሚያወሩት ግን ስለ ላማቸው ነው። «አባቴ፣ ስለ መንገዷ ብቻ ይናገሩልኝ» ብዬ ለምኛቸው ነበር። «መንገዷን ላሟ ናት የምታውቃት» አሉኝ።

እናም ከላሟ እናት ጀመሩ። ከሰንዳፋ እንዴት እንደመጣች፣ በየትኛው ክረምት ቦይ ውስጥ እንደወደቀች፣ የላሟ የራሷ ቀንድ ለምን ወደ ፊት እንደታጠፈ። ዳኛው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ገበሬው ወደ ላሟ የመጀመሪያ እርግዝና ሲደርሱ የዳኛው ጭራ መወዛወዟን ተወች። ጥጃው ሊወለድ ሲል ጭራዋ ከእጃቸው ወደቀች። ከዚያ በኋላ ማንኮራፋት ሰማሁ።

«ጌታዬ፣ ተኝተዋል» አልኩ።

«ዝም በይ፣ ችሎት ነው» አለኝ አንዱ ከኋላዬ።

ገበሬው ግን ሰው ሰማቸው አልሰማቸው ግድ የላቸውም። ወለደች፣ ዳነች፣ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ በዚያች መንገድ እየወረደች ከምንጩ ትጠጣ ነበር፣ ወታደሩ ቤቱን ሳይሠራ መንገዷ ነበረች ብለው ጨረሱ። መንገዷ የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው። «ጨርሻለሁ» ሲሉ ዳኛው ነቁ። ጭራቸውን አነሱ፣ ካባቸውን አስተካከሉና ፈረዱ።

«ምስክሩ ስለ ላም እንጂ ስለ መንገድ አላስረዱም። አጥሩ እንዳለ ይጽና።»

እኔ ያን ዕለት እህል አልቀመስኩም። በማግስቱ ጠዋት ዳገቱ ሥር ጠበቅኳቸው። በበቅሏቸው ብቅ ሲሉ መንገዱ መሐል ቆምኩና «በሕግ አምላክ» አልኩ። ያኔ ይቺ ቃል የሚሮጥ ሌባ ታስቆም ነበር። በቅሎዋም የሰማች ይመስል ቀጥ አለች።

«በማን ላይ ነው ሕግ የምትጠሪው፣ አንቺ ልጅ?»

«በእርስዎ ላይ ነው፣ ጌታዬ።»

«ምን አድርጌ?»

«ተኝተው ፈረዱብኝ።»

ከበቅሎ ወረዱ። ፊታቸው ቀልቷል። «እኔ ዓይኔን የምጨፍነው ልተኛ አይደለም። ሀብታሙን ከድሃው የሚለየው ዓይን ነው። ዓይን ያዳላል፤ ጆሮ አያዳላም።»

«ጆሮ ያንኮራፋል እንዴ ታዲያ?»

«ወደ ወረዳው ፍርድ ቤት ልትወስጅኝ ነው?»

«አዎ።»

«በእኛ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ ልብስ ለልብስ ተቆራኝተው ነበር የሚሄዱት፤ አንዱ ጥሎ እንዳይሸሽ።»

«እሱ እኮ ቀርቷል።»

«ለእኔ አልቀረም። ዳኛ ሲከሰስ ሸሸ አይባልም።» የጋቢያቸውን ጫፍ ያዙና ዘረጉልኝ። «ቋጥሪ።»

ነጠላዬን ከጋቢያቸው ቋጠርኩት፤ ጥብቅ አድርጌ። እንዲያ ሆነን ወረድን፣ በቅሎዋ ከኋላ እየተከተለች። ሰው ከየቤቱ ወጣ። ጠላ የምትሸጥ አንዲት ሴት በሯ ላይ ቆማ «የትኛችሁ ናችሁ እስረኛው?» ብላ ጮኸች።

«ገና አልተፈረደም» አሉ ዳኛው፣ ሳይዞሩ።

ወንዙን ተሻግረን ማዶ ያለው ዳገት ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ሆዴን አዩ። በቅሎዋን ስበው አጠገቤ አቆሟት።

«ውጪ።»

«በበቅሎዎ ብወጣ ክሴን አልተውም።»

«ተይ አላልኩሽም። ዳገት ነው ነው ያልኩሽ።»

ወረዳው ፍርድ ቤት ስንደርስ ከሳሿ በተከሳሹ በቅሎ ላይ፣ ተከሳሹ ከሥሯ በእግራቸው፣ መሐል ላይ ቋጠሮው ተወጥሮ ነበር። ዘበኛው ለማን ሰላምታ እንደሚሰጥ ጠፋው። ቋጠሮውን ልንፈታ ብንል እምቢ አለን፤ በመጨረሻ ጸሐፊው በጥርሱ ፈታልን።

የወረዳው ዳኛ መነጽር ያደረጉ፣ ከእኛው ዳኛ በዕድሜ የሚያንሱ ሰው ናቸው። ያን ያህል ሰው ሲስቅ እሳቸው አልሳቁም። መጀመሪያ እኔን ሰሙ፣ ቀጥለው የእኛውን ዳኛ። ከዚያ እንዲህ አሉ። «ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም። ዳኛም ሰው ነው። ሦስት ሽማግሌዎች ያዩታል፤ አንዱን አንቺ ምረጪ፣ አንዱን እሳቸው፣ አንዱን እኔ። ነገሩ የሆነው ከወይራው ሥር ስለሆነ እዚያው ይታያል። እስከዚያ ድረስ የእሷን ጉዳይ አይነኩም፤ የሌላውን ያያሉ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም ሳይጣራ ስማቸውን በየገበያው እንዳታነሺ። ካልበደሉ ያነሳሽውን ስም መልሰሽ አትለቅሚውም።»

እውነት ለመናገር ከዳገቱም ከእንስራውም ይሄኛው ከበደኝ። እኔን ዝም በይ ማለት።

ቅዳሜ ሾላ ገበያ ወረድኩ። በርበሬ ከምትሸጥልኝ ሴት ፊት ገና ሳልቀመጥ ተከበብኩ።

«ከዳኛው ጋር ተቆራኝተሽ ሄድሽ አሉ።»

«በርበሬው የዘንድሮ ነው?»

«በበቅሏቸው ላይ ነበርሽ አሉ።»

«ዛላው ትንሽ አነሰ ልበል?»

«ምን አድርገውሽ ነው?»

«ነጭ ሽንኩርትም ጨምሪልኝ።»

ምላሴን ነክሼ ነክሼ ሊበጠስ ደረሰ። በዚያ ሁሉ ሴት መሐል ወሬ ይዞ ዝም ማለት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማንም አላመነኝም፤ ያልተናገርኩት ከተናገርኩት በልጦ ሰፈሩን ሞላው።

በዚያ ሰሞን አንድ እንጨት ነጋዴ ቤታችን መጣ። በዓመቱ መጀመሪያ በድንበር ጉዳይ ዳኛው ፈርደውበታል። ደጃፉ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔም ካንቺ ጋር ነኝ፣ እህቴ። እንቅልፍ ብቻውን አይበቃም። በግ በልተዋል እንላለን።»

«ሲበሉ አየህ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ሰፈሩ ሁሉ ማዕድ ላይ ነበር?»

«ስሚኝ እንጂ። ሰውየው ከተነሱ ያንቺም ፍርድ አብሮ ይነሳል። መንገድሽ ይከፈታል።»

«እኔ የከሰስኩት እንቅልፍ ነው። የበግ ክስ ካለህ ሄደህ ለብቻህ ክሰስ» ብዬ ሸኘሁት።

ሲሄድ ባለቤቴ ሳቄን አየ። ነገርኩት። ያለፈው ፋሲካ ዋዜማ የዳኛው ቤት በር አጠገብ ሣር ተሸክሜ ሳልፍ፣ ይኸው እንጨት ነጋዴ በግ እየጎተተ ሲገባ አይቻለሁ። ዳኛው ቤት አልነበሩም። ገና ሸክሜን ሳላስተካክል በጉ ከተከፈተው በር ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ከበጉ ኋላ የዳኛው ሚስት በትር ይዘው፣ ከሳቸው ኋላ እንጨት ነጋዴው ኮፍያውን ይዞ። በጉ እስከ ወንዙ ድረስ ሮጠ። ያን ቀን በሳቅ ሣሬ ተበትኖብኝ ነበር።

ባለቤቴ አብሮኝ ሳቀ። ከዚያ ግን ተክዞ እንዲህ አለኝ። «አንቺ አልዋሸሽም። እሱ ከዋሸ የራሱ ጉዳይ ነው። ካልጠየቁሽ ዝም በይ። የምትወልጅው ከጥር በፊት ነው፣ መንገዷ ታስፈልግሻለች።»

እሱስ አላጣሁትም። መንገዷን በጣም እፈልጋት ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ከወይራው ሥር የተሰበሰበው ሰው የጥምቀትን ያህል ነው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ዳኛው ይቀመጡበት በነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ዳኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ከሳሽና ተከሳሽ በሚቆምበት ቦታ ቆሙ። ሚስታቸው እጃቸውን አጣምረው ከፊት ተቀምጠዋል። የእኔ ነገር ከመጀመሩ በፊት እንጨት ነጋዴው ተነሳ።

«እንቅልፉ ትንሹ ነው፣ አባቶቼ። ለፋሲካ ዋዜማ በግ በበራቸው ሲገባ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ሰዉ አጉረመረመ። ዳኛው ሚስታቸውን አዩ። ሚስታቸው አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት፤ የእሳቸው ቃል ለባላቸው እንደማይታመን ያውቃሉ። የወረዳው ዳኛ የመረጧቸው ሽማግሌ «ሌላ ያየ አለ?» ብለው ጠየቁ።

ባለቤቴ ነጠላዬን ከኋላ ያዘ። እኔ ብድግ ስል ነጠላዬ እጁ ላይ ቀረ።

«እኔ አይቻለሁ።»

እንጨት ነጋዴው ፈገግ አለልኝ። የሱ ወገን መስዬው ነው።

«በጉ ሲገባ አይቻለሁ። ሲወጣም አይቻለሁ። በበትር ነው የወጣው፤ በትሩን የያዙት እመቤቲቱ ናቸው። ይዞት የገባውም፣ ተከትሎት የወጣውም ይኸው ሰውዬ ነው።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። የዳኛው ሚስት «በትሩ እስካሁን ቤት አለ፤ ከፈለጋችሁ ላምጣው» አሉ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌው እስኪበርድ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከሳሻቸው ነሽ ወይስ ጠበቃቸው?»

«ለእንቅልፉ ከሳሽ ነኝ። ለበጉ ምስክር ነኝ።»

ከኋላዬ አንዱ «ክሷን በገዛ አፏ ገደለችው» ሲል ሰማሁ። እኔም ልቤ ያንኑ ነበር የሚለኝ። ድንጋያማው ቁልቁለት ፊቴ ድቅን አለ።

ወደ እንቅልፉ ተገባ። ዳኛው ለእኔ መንገድ ላይ ያሉትን ደገሙት፤ ዓይን ያዳላል፣ ጆሮ አያዳላም፣ ስለዚህ እጨፍናለሁ። ያምራል ንግግሩ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። አንኮራፍተዋል ብል አላንኮራፋሁም ሊሉ ነው። አልተኙም የሚልም ተኝተዋል የሚልም እኩል ሰው ነበር።

እኔ የመረጥኳቸው ሽማግሌ ዝምተኛ ሸማኔ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ምንም አልተናገሩም። «ጆሮዎ ከሰማ ጥሩ ነው» አሉ። «ምስክሩ ያን ዕለት ያሉትን ይንገሩን።»

ዳኛው ዓይናቸውን ጨፈኑና ጀመሩ። የላሟ እናት ከሰንዳፋ እንደመጣች። በየትኛው ክረምት ቦይ ውስጥ እንደወደቀች። የቆዳዋን ቀለም፣ የጆሮዋን ምልክት፣ ቀንዷ ወደ ፊት የታጠፈበትን ምክንያት። አንዲት አልሳቱም። ሰዉ ተደነቀ። ምስክሬ ገበሬው ከነከዘራቸው ቀና ብለው በደስታ ያዳምጣሉ፤ በሕይወታቸው ይህን ታሪክ ደግሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። የእኔ ልብ ወረደ። ከዚያ ወደ እርግዝናዋ ደረሱ።

«ከዚያ… ሊወለድ ሲል… አስቸገራት» አሉ ዳኛው።

ገበሬው ራሳቸውን ነቀነቁ። አስቸግሯታል።

«እና…» አሉ ዳኛው። ዓይናቸውን ገለጡ። ሰዉን አዩ፣ ወይራውን አዩ። «እና ላሟ ሞተች።»

ገበሬው ቀስ ብለው ተነሱ።

«ማን? የእኔ ላም?»

ገበሬው አንድ እርምጃ ወደ ዳኛው ቀረቡ።

«ጌታው፣ ዛሬ ጠዋት አልቤያታለሁ።»

ያን ቀን እንደተሳቀው ሳቅ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም። ወታደሩ ጎረቤቴ ሳይቀር የአጥሩን ነገር ረስቶ ሆዱን ይዟል። የዳኛው ሚስት ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ዳኛው ሚስታቸውን ሲያዩ የእሳቸውም ጢም መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ተኝቻለሁ» አሉ። «ረቡዕ ከሌሊት ጀምሮ ቅዳሴ ቆሜ፣ ሳልቀምስ ነው የማስችለው። ለእኔ ምክንያት ነው፤ ለእሷ ግን ምክንያት አይደለም። ምስክሯን ግማሹን ነው የሰማሁላት።»

ሽማግሌዎቹ ብዙ አልተማከሩም። የበጉ ክስ ሐሰት ነው፤ እንጨት ነጋዴው ቆሞ ይቅርታ ይጠይቅ። የእንቅልፉ ክስ እውነት ነው፤ ዳኛው ይገሠጹ፣ ችሎቱ ጾም ወደሌለበት ወደ ማክሰኞ ይዛወር፣ የመንገዷን ጉዳይ ከሌላ ሰፈር የሚመጣ ዳኛ እንደገና ይየው። የበጉ ነገር ሐሰት ቢሆንም ዳኝነቱ ይወሰድባቸው ያሉም ነበሩ። «ለእንቅልፍ ተግሣጽ ብቻ?» አሉ። እኔ ተስማምቼበታለሁ። ለተኛ ሰው የሚገባው መቀስቀስ ነው።

ሌላው ዳኛ በሳምንቱ መጡ። ከወይራው ሥር አልተቀመጡም፤ አጥሩ አጠገብ ሄደው ቆሙና «እዚሁ ይመስክሩ» አሉ። ገበሬው ሊጀምሩ ሲሉ ከላይ በኩል የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። የእኛው ዳኛ ናቸው። ከበቅሎ ወርደው ከሰዉ ኋላ ቆሙ።

«እርስዎ በዚህ ጉዳይ አይገቡም» አሉ አዲሱ ዳኛ።

«አልገባም። የላሟን መጨረሻ ልሰማ ነው።»

ገበሬው ይህን ሲሰሙ አሳጥረው ሊናገሩ የነበረውን ተዉትና ከሰንዳፋ ጀመሩ። አዲሱ ዳኛ አላቋረጧቸውም። የእኛው ዳኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ቆመው ሰሙ። ላሟ ወለደች፣ ዳነች፣ ማታ ማታ በዚያች መንገድ ወርዳ ጠጣች። ወታደሩ ራሱ ሲጠየቅ «ቤቱን ስሠራ የከብት ዱካ ነበር» አለ። ተፈረደልኝ። አጠናዎቹን ያን ዕለቱኑ ነቀላቸው፤ ችግኞቹንም ወደ ውስጥ መልሶ ተከላቸው። ክፉ ሰው አልነበረም። ስወልድ ሚስቱ ናት ገንፎ ያገነፋችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት እንስራዬን አዝዬ ወደ ምንጩ ወረድኩ። መሐል ላይ ግን ላሟ ቀድማኝ ኖሮ መንገዷን ሞልታ ቆማለች፣ ቀንዷ ወደ ፊት እንደታጠፈ። ወደ ምንጩ ልትወርድ ነው፤ ግን አትቸኩልም። ሣር ትቀነጥባለች፣ ታስባለች፣ አንድ እግር ታነሳለች። ከኋላዋ ቆሜ ጠበቅኳት።

ከላይ ከመንገዱ የበቅሎ ኮቴ ቆመ።

«ደህና ናት?» አሉ ዳኛው።

«ደህና ናት፣ ጌታዬ» አልኳቸው። «አለች።»